ያለ ደረሰኝ የገዙትን ልብስ ጅማ ውስጥ እንዴት ይመልሳሉ?

ሱሪው ጠበበ፣ ቀለሙ በቀን ብርሃን ሲታይ ሌላ ሆነ፣ ወይም ስጦታ የተቀበለው ሰው አልወደደውም። ደረሰኝ ደግሞ የለም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ «ንጹሕ ይሁንላቸው» ብሎ ልብሱን አጥቦ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ብሬን መልሱልኝ» ይላል። ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ባለሱቁ ደረሰኝ የሌለው ልብስ ሲመጣበት የሚያጣራው ሁለት ነገር ነው። ይህ ልብስ በእርግጥ ከኔ ሱቅ ወጥቷል? መልሼ ብሰቅለው ይሸጥልኛል? ለሁለቱም መልስ ይዘው ከሄዱ ብዙውን ጊዜ ይለወጥልዎታል። ገንዘብ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱንም እናየዋለን።

ደረጃ 1፦ ጉድለት ነው ወይስ አልተስማማኝም?

ይህን ሳይለዩ ከቤት አይውጡ። የሚጠይቁት ነገር በዚህ ይወሰናል።

ጉድለት የሚባለው በልብሱ ላይ ያለ ብልሽት ነው፤ የተተረተረ ስፌት፣ መሃል ላይ የሚቆም ዚፕ፣ አንዱ እግሩ ከሌላው ያጠረ ሱሪ፣ ብብቱ ላይ የተበሳ ሹራብ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ደረሰኝ መስጠትም የነጋዴው ግዴታ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ስላልተሰጠዎት ብቻ ጥፋተኛ እንደሆኑ አድርገው አይቅረቡ፤ የሚጎድልዎት ከዚያ ሱቅ መግዛትዎን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ነው።

አልተስማማኝም ማለት ግን ልብሱ ደህና ነው፣ ቁጥሩ ወይም ቀለሙ ነው ያልሆነልዎት። እዚህ ላይ መለወጥ የባለሱቁ ፈቃድ ነው። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ካለ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ በሕግ ልከራከር ብለው አይድከሙ፤ በመግባባት ነው የሚሄዱት። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በተመለከተ ግን ያ ወረቀት ሕጉን አይሽርም።

ለመመለስ ጨርሶ የማይሞከሩም አሉ፤ የውስጥ ሱሪ፣ ጡት መያዣ፣ ካልሲ፣ በልክዎ ታዞ የተሰፋ ልብስ፣ ልብስ ሰፊ የነካው ማንኛውም ነገር። በተለይ ሱሪ ገዝቶ በዚያው ወደ ሰፊ ሄዶ ማስቆረጥ የተለመደ ነው። መቀስ ከገባበት በኋላ ወገቡ ቢጠብም ባይጠብም የእርስዎ ሆኗል። ቤት ወስደው፣ ተቀምጠውና ተነስተው፣ በሚያደርጉት ጫማ ሳይለኩት አያስቆርጡ።

ደረጃ 2፦ ልብሱን እንደነበረ ያቆዩት

አይጠቡት። አዲስ ልብስ ከፋብሪካ ሲወጣ ጨርቁ ላይ ደረቅ የሚያደርገው ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ውሃ ከነካው ይለሰልሳል፣ የመታጠፊያው መስመርም ይጠፋል። ልብስ ሲዳስስ የሚውል ነጋዴ ይህን በሁለት ጣቱ ያውቀዋል። ንጹሕ ሆኖ የታጠበ ልብስ ትንሽ አቧራ ካለበት ያልታጠበ ልብስ ይልቅ ያስጠረጥራል። መተኮስም እንደዚሁ ነው።

ታጉን አይቁረጡ። ከቆረጡት አይጣሉት፤ ግን በሌላ ክር ወይም በመርፌ ቁልፍ መልሰው አያያይዙት። ከሌላ ልብስ ተነቅሎ የመጣ ይመስላል። ለብቻው ይዘው ሄደው «ስሞክረው ቆርጬዋለሁ፣ ይኸው» ይበሉ። ታጉ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ወይም ፊደል ካለ በደንብ ይጠብቁት። ነጋዴው ራሱ የጻፈው ምልክት ስለሚሆን ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

ቀጥሎ አምስት ቦታ ይፈትሹ፤ የኮሌታው ውስጥ፣ ብብቱ፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የሱሪው ጫፍ፣ ኪሶቹ። ኮሌታ ላይ የፊት ክሬም ወይም የፀጉር ቅባት፣ ብብት ላይ የዲዮዶራንት ነጭ መስመር፣ ኪስ ውስጥ የተረሳ ሳንቲም ወይም ማስቲካ፤ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያያቸው እነዚህን ነው።

ጅማ ላይ ሦስት ተጨማሪ ነገር ይጠብቁ።

ሽታ፦ ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ቤት የተሰቀለ ልብስ ጭሱን ይይዛል። ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ ግማሽ ቀን ይስቀሉት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። ሽቶ ደግሞ በፍጹም አይንፉበት፤ የተለበሰ ልብስ ለመደበቅ የተነፋ ነው የሚመስለው።

ጭቃ፦ ቀዩ ጭቃ የሱሪውን ጫፍ ነክቶት ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ አይሹት፤ ይሰፋና ቀይ ቀለበት ትቶ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። ምልክት ከቀረ ደብቀው አይሂዱ፣ ራስዎ ያሳዩ።

እርጥበት፦ በዝናቡ ወራት ልብሱን በፌስታል ቋጥረው ቁም ሣጥን ውስጥ አያቆዩት፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የሻጋታ ሽታ ያመጣል። የፌስታሉን አፍ ክፍት ይተዉት።

ልብሱ ጉድለት ያለበት ከሆነ የተተረተረውን በመርፌ አይጠግኑት፣ ክሩንም አይሳቡት። አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጠው ከቅርብ ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ሙሉ ልብሱን ከታጉ ጋር ሌላ ፎቶ ያንሱ። በሱቁ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ የሱቁ ስም ከታተመበት እሱም አንድ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 3፦ ደረሰኙን የሚተካ ማስረጃ ያሰባስቡ

በመጀመሪያ ደረሰኙ በእርግጥ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ፌስታሉ ግርጌ ተጣብቆ ወይም የሱሪው ኪስ ውስጥ ይገኛል። ተገኝቶ ጽሑፉ ከደበዘዘ፣ መብራቱን በጎን አድርገው ፎቶ ያንሱት። ሻማ ወይም ካውያ አያስጠጉበት፤ የማሽን ደረሰኝ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፣ የቀረውም ይጠፋል።

ከሌለ ወደ ስልክዎ ይሂዱ።

በቴሌብር ከፍለው ከሆነ ከ127 የመጣውን መልእክት ይፈልጉ፤ ካጠፉት መተግበሪያው ውስጥ ያለውን የግብይት ዝርዝር ይክፈቱ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ በ«ኤፍቲ» የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር የያዘውን ክፍያ ያግኙ። በሌላ ባንክም ቢሆን መልእክቱ ወይም መተግበሪያው ላይ አለ። ሲያገኙት እነዚህን ያረጋግጡ፦

ተቀባዩ ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሱቁ ስም ሳይሆን የባለቤቱ፣ የወንድሙ ወይም የሠራተኛው የግል ስም ነው የሚመጣው። ሱቁ ውስጥ ያ ስም እንደሚታወቅ ቀስ ብለው ይጠይቁ።

መጠኑ ስንት ነው? የተከራከሩበትን ሳይሆን የከፈሉትን ዋጋ ነው የሚናገሩት።

ቀኑ መቼ ነው? መልእክቱ የሚመጣው በፈረንጆች አቆጣጠርና ሰዓት ነው። ከመሄድዎ በፊት ቀይረው ይያዙት። ለምሳሌ 18/01/2025 16:40 የሚለው ጥር 10 ቀን 2017 ከቀኑ 10:40 ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመው ሲያሰሉ ከተሳሳቱ የሚያምንዎት የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ መልእክቱን ያሳዩ፣ ስልኩን ግን አይስጡ። መልእክቱ ግርጌ ላይ ቀሪ ሂሳብዎ ስለሚታይ በአውራ ጣትዎ ሸፍነው ያሳዩ። ቆርጠው ያዘጋጁት ስክሪንሾት ከመልእክቱ ያነሰ ይታመናል።

በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ከሆነ ማስረጃው ሰውና ዕቃ ነው። አብሮዎት የነበረውን ሰው ይዘው ይሂዱ (አንድ ሰው ይበቃል፣ ሦስትና አራት ሆኖ መሄድ ለጠብ የመጣ ያስመስላል)። በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ ወይም ልክ እንደገዙ ያነሱት ፎቶ ካለ ይፈልጉ፤ ልብሱን ለመምረጥ ለጓደኛ የላኩት ፎቶ ብዙ ጊዜ የቴሌግራም መልእክት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ከኤቲኤም ገንዘብ ማውጣትዎን የሚያሳይ መልእክት ግን ምንም አይረዳዎትም።

ልብሱ ስጦታ ከሆነ ሰጪውን ዋጋ አይጠይቁ፣ ያስቀይማል። «ከየት ሱቅ ነው? ሌላ ቁጥር ካላቸው ልለውጠው» ማለት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ከየትኛው ዓይነት ሱቅ እንደገዙ ይወቁ

የደረሰኝ ማሽን ያለው ቡቲክ ከሆነ መለወጥ ይሻላል፤ ገንዘብ ማስመለስ ይከብዳል። ሽያጩ ማሽን ውስጥ ገብቶ ታክስ ተቆጥሮበታል፤ ለመመለስ ዋናው ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር መያያዝ አለበት። ሠራተኛዋ «ያለ ደረሰኝ ብር አንመልስም» ስትል ክፋት ላይሆን ይችላል። ቀኑንና ዋጋውን በትክክል ከነገሩ የማሽኑን መዝገብ ወይም የዕለቱን የሽያጭ ደብተር እንዲያዩልዎ ይጠይቁ። «ዜድ ሪፖርት እናያለን» ካሉ ግን አይጠብቁ፤ እሱ የቀኑን ድምር እንጂ የእርስዎን ሱሪ ለይቶ አያሳይም። በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ ከሆነ ቀሪው ጥራዙ ላይ ስላለ በቀኑ ገልጦ ማግኘት ቀላል ነው።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ያለ፣ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከሆነ ሁሉም ነገር በሰውየው ትውስታና በእርስዎ አቀራረብ ይወሰናል። ከሦስት ቀን በላይ አይቆዩ። ባለሱቁ ዕቃውን ከጅምላ የሚያመጣው የተለያየ ቁጥር አንድ ላይ በታሰረበት ጥቅል ነው። የእርስዎ ቁጥር ቶሎ የሚሸጥ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ቢፈቅድልዎ እንኳ የሚለውጥበት አይኖረውም።

ሰልባጅ ከሆነ እዚያው ቆመው ካላስተዋሉት አልቋል። በዚያው ቀን፣ ሻጩ ከቦታው ሳይነሳ ከተመለሱ ሌላ እንዲያነሱ ሊፈቅድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጊዜዎን አያባክኑ።

በቴሌግራም አዘው በባጃጅ የመጣልዎ ከሆነ የተጻጻፉትን አያጥፉ። ሻጩ የላከው ፎቶና ዋጋ እዚያው አለ፤ ከደረሰኝ የተሻለ ማስረጃ ነው። ፎቶው ላይ ያለውና የመጣው ከተለያዩ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ይላኩለት። የመመለሻውን ባጃጅ ማን እንደሚከፍል ልብሱን ከመላክዎ በፊት ይስማሙ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ይምረጡ

ጠዋት ሱቅ እንደተከፈተ አይሂዱ። የዕለቱን የመጀመሪያ ሽያጭ ሳይሸጥ ዕቃ ተመላሽ የሚቀበል ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ቀኑን ያበላሽብኛል ብሎ ያስባል። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሰላት ስለሆነ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ክፍት የሆነውም ላይ ባለቤቱ አይገኝም። የገበያ ቀን ሐሙስ ከሰዓት፣ የኢድ፣ የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ሰው ስለሚበዛ ሊያዳምጡዎት ጊዜ የላቸውም። የሚሻለው ከማክሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ነው።

ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ወይም ከቦሳ ኪቶ ባጃጅ ከፍለው የሚመጡ ከሆነ አስቀድመው ይደውሉ፤ የሚጠይቁት ግን «ባለቤቱ ስንት ሰዓት ይገኛሉ?» ብቻ ይሁን። ስለ መመለሱ በስልክ ከጠየቁ መልሱ «አይቻልም» ነው። በስልክ እምቢ ማለት ቀላል ነው።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ

1. ሌላ ገዢ ካለ ውጭ ቆይተው ይጠብቁ። ገዢ ፊት የተመለሰ ልብስ ሲታይ ባለሱቁ ይከላከላል።

2. ሰላምታውን በወጉ ያድርሱ። ባለቤቱ በዕድሜ ከበለጡ ጋሼ፣ እትዬ፣ ኦቦ፣ በሐጂነት የሚታወቁ ከሆነ ሐጂ ይበሉ። ኦሮምኛ የሚችሉ ከሆነ በኦሮምኛ ይጀምሩ።

3. ልብሱን ራስዎ ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉት፣ ታጉ ወደ እሳቸው ይሁን።

4. መቼ፣ በስንት፣ ከማን፣ ምን እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ። እንዲህ፦ «ማክሰኞ ከሰዓት ይህን ጂንስ እዚህ ነው የገዛሁት። 1,400 ብር በቴሌብር ከፍያለሁ፣ የሸጠችልኝ ያቺ እህት ናት። 32 ወስጄ ወገቤ ላይ አልዘጋ አለኝ። አልለበስኩትም፣ ታጉም አለ። 34 ካላችሁ ብትለውጡልኝ።»

5. ዝም ይበሉ። ልብሱን ገልብጠው ያያሉ፣ ኮሌታውን ያሸታሉ፣ ሠራተኛዋን ይጠይቃሉ። በዚህ መሃል ማብራራት መጨመር ጥርጣሬ ያመጣል። ማስረጃውን ሲጠየቁ ያውጡ።

6. የሚጠይቁትን በቅደም ተከተል ያቅርቡ። መጀመሪያ ተመሳሳዩን በሌላ ቁጥር። ከሌለ በተመሳሳይ ዋጋ ሌላ ልብስ። ካልሆነ ልዩነት ጨምረው የተሻለ ልብስ፤ ባለሱቁ ተጨማሪ ሽያጭ ስለሚያይበት ይህን በጣም ይወዳል። ከዚያ አዲስ ዕቃ ሲገባ የሚወስዱበት የተፈረመ ወረቀት። ገንዘብ መጨረሻ ላይ ነው።

ጉድለት ካለውና 15 ቀን ካልሞላው ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ «ይለወጥልኝ፣ ደህና ከሌላችሁ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ዋጋ ላይ አይዋሹ። በ900 የገዙትን 1,200 ቢሉ፣ ባለሱቁ ዕቃውን በስንት እንደሚለቅ ስለሚያውቅ የቀረውንም ቃልዎን አያምንም።

ደረጃ 7፦ እምቢ ሲሉ

«ይህ የኛ ዕቃ አይደለም» ካሉ፦ አይጩኹ። ሱቁ ውስጥ ተመሳሳዩ ተሰቅሎ ካለ ጎን ለጎን እንዲያዩት ይጠይቁ። ሞዴሉ ብቻ አይበቃም፣ ያው ሞዴል ሌላም ሱቅ አለ። የውስጥ መለያ ጨርቁን፣ የቁልፉን ጽሑፍ፣ በተለይ ታጉ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ያመሳስሉ። ከዚያ የክፍያውን መልእክት ያሳዩ።

«ባለቤቱ የሉም» ካሉ፦ ስንት ሰዓት እንደሚመጡ ይጠይቁና ልብሱን ይዘው ይመለሱ። «ተዉልን፣ እናሳያቸዋለን» ቢሉ የልብሱ ዓይነት፣ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ሳይቀበሉ አይተዉ። ልብሱ እዚያ ቀርቶ ወረቀት ከሌለዎት በእጅዎ ምንም የለም።

«ተለብሷል» ካሉ፦ የት ላይ እንዳዩት እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ቤት ውስጥ የሞከሩት ከሆነ ያንኑ ይናገሩ። በእርግጥ ለብሰውት ከሆነና ጉድለት ከሌለው ግን ይተዉት፤ እሳቸው ትክክል ናቸው።

«800 ገዝተሃል፣ በ600 ሂሳብ እቀበልሃለሁ» ካሉ፦ ይህ የተለመደ ነው። የመጨረሻ የሚቀበሉትን ዋጋ ከቤት ሳይወጡ ይወስኑ። ለማይለብሱት ልብስ ከ100 እስከ 150 ብር መተው ለኔ ክፉ ስምምነት አይደለም፤ ግማሹን ከተጠየቁ ግን ይዘውት ይሂዱ። ጉድለት ላለው ልብስ ምንም አይቀንሱ።

አንድ ነገር በፍጹም አያድርጉ፤ «ደረሰኝ ሳትሰጡኝ ነው የሸጣችሁልኝ፣ ገቢዎች እነግራለሁ» ብለው አያስፈራሩ። ደረሰኝ አለመስጠት ጥፋት ቢሆንም በዚያ ሰዓት የተነሳ ማስፈራሪያ ልብሱን አያስለውጥም፤ «እኔ ጋ አልገዛህም» ወደሚል ክህደት ይገፋቸዋል።

ደረጃ 8፦ ከተሳካ፣ ከመውጣትዎ በፊት

የተለወጠልዎትን ልብስ እዚያው ይልበሱት። ዚፑን ሦስት ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉ፣ ቁልፎቹን ይቁጠሩ፣ የሱሪውን ሁለት እግር ገጥመው ርዝመቱን ያስተያዩ። የተለወጠ ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ አይለወጥም።

ገንዘብ በቴሌብር ወይም በባንክ ከተመለሰ መልእክቱ ወደ ራስዎ ስልክ እስኪገባ ቆመው ይጠብቁ። ላኪው የሚያሳይዎት ስክሪን ገንዘቡ ስለመድረሱ ማረጋገጫ አይደለም። ልዩነት ጨምረው ሌላ ከወሰዱ ለአዲሱ ደረሰኝ ይጠይቁ፣ ወዲያው ፎቶ ያንሱት።

ደረጃ 9፦ ጉድለት ኖሮት ጨርሶ ካልተቀበሉ

ይህ የሚሠራው ጉድለት ላለበት ልብስ ብቻ ነው። ቁጥሩ ስላልሆነልዎት ወደ ቢሮ ቢሄዱ ይመልሱዎታል።

ከሱቁ ሳይወጡ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የንግድ ፈቃድ የባለፈቃዱን ስምና የፈቃዱን ቁጥር ይመዝግቡ። ከዚያ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው የጽሑፍ አቤቱታ ያስገቡ። የቢሮው የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ማመልከቻውን በኦሮምኛ ያስጽፉት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ የተገዛበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብና የተከፈለበት መንገድ፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ ለመለወጥ የሄዱበት ቀንና የተሰጠዎት መልስ፣ የሚጠይቁት ነገር። የክፍያውን መልእክትና የጉድለቱን ፎቶ አሳትመው ያያይዙ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ማህተምና ቀን አስደርገው ይዘው ይመለሱ።

15ኛው ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ። ባለሱቁ «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እያለ ካመላለሰዎት፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ጥያቄዎን በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ይላኩለት፤ ቀኑ ሳያልፍ መጠየቅዎን የሚያሳየው እሱ ነው።

ልብሱን ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ እንዳለ ያስቀምጡት። በመሃል ሰፊ ጋ ወስደው ካሳደሱት የሚታይ ጉድለት አይኖርም፣ አቤቱታውም ይወድቃል።